ሽቅብ የተወረወረ ነገር የት ድረስ ይወጣል? ስለ ስበትና ከፍታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ስበት ያልተማረ ተማሪ የለም። ቀመሩን ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይም ይሠራዋል፤ ግን አያምነውም። ወንጭፍ ሲያጮህ ያደገ፣ አውድማ ላይ ፍሬው ወዲህ ገለባው ወዲያ ሲወድቅ ያየ የጎጃም ልጅ «ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወጣል» ሲባል በሆዱ ይስቃል። አይፈረድበትም። ዓይኑ ያየው ሌላ ነው።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ክፍል ውስጥም፣ ሻይ ቤትም፣ ሰርግ ቤትም የሚነሱ ናቸው። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው፦ አየር የሠራውን ሥራ ስበት ላይ መለጠፍ። ሁለቱን ከለያችሁ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ድንጋይ ሽቅብ ስወረውር የሆነ ቦታ ደርሶ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ድንጋዩ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ወደ ላይ የሚገፋው ነገር የለም። ይዞት የሚሄደው እናንተ የሰጣችሁትን ፍጥነት ብቻ ነው። እሱ ስንቁ ነው እንበል። ስበት ከዚህ ስንቅ ላይ በየሰከንዱ 9.8 ሜትር በሰከንድ ይቀንስበታል። ሲያልቅበት ይመለሳል።

ቀስ ብለን እንየው። ደህና ክንድ ያለው ጎረምሳ ድንጋዩን በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ ላከው እንበል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሰከንድ ሲሞላ ፍጥነቱ 10.2 ሆኗል። ሁለተኛው ሰከንድ ሲሞላ የቀረው 0.4 ብቻ ነው። ወዲያው ዜሮ ይሆናል። እዚያ ላይ ድንጋዩ ከእጁ በላይ 20.4 ሜትር ደርሷል፤ የአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ቁመት ያህል።

አሁን ከፍታውን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ሰከንድ 15.1 ሜትር ወጣ። በሁለተኛው ሰከንድ የወጣው 5.3 ሜትር ብቻ ነው። በግማሹ ጊዜ የከፍታውን ሦስት አራተኛ ጨረሰ፤ የቀረችውን ሩብ ለመውጣት ሌላውን ግማሽ ጊዜ ፈጀ። ወደ ላይ የተላከች ኳስ ጫፍ አካባቢ ተንጠልጥላ የቆየች የምትመስለው ለዚህ ነው። አልቆመችም፤ እየተንቀራፈፈች ነው።

ጫፍ ላይ ሲደርስ ስበት ለአፍታ ይጠፋል?

አይጠፋም። ዜሮ የሆነው ፍጥነቱ ነው። ስበቱ ቢጠፋ ኖሮ ድንጋዩ እዚያው ሰማይ ላይ በቀረ ነበር። ፈተና ላይ «ጫፍ ላይ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው?» ሲባል ስንቱ ጎበዝ ተማሪ ዜሮ ብሎ ነጥብ ይጥላል! መልሱ 9.8 ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ታች።

እጥፍ ፍጥነት ብሰጠው እጥፍ ከፍታ ይወጣል?

አራት እጥፍ ነው የሚወጣው። ቀመሩ ይሄ ነው፦

ከፍታ = (ፍጥነት × ፍጥነት) ÷ 19.6

19.6 የ9.8 እጥፍ ናት፤ ሌላ ምስጢር የላትም። በሰከንድ 10 ሜትር የተላከ 5.1 ሜትር ይወጣል። በ20 የተላከ 20.4፣ በ30 የተላከ 45.9 ሜትር። ካልኩሌተር ከሌላችሁ ፍጥነቱን በራሱ አባዝታችሁ ለ20 አካፍሉት፤ ለወሬ ይበቃል።

ለምን አራት እጥፍ ሆነ? ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም እጥፍ እጥፍ ይሰጣሉ። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ስበት እሱን ለመጨረስ እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያ እጥፍ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ድንጋዩ በአማካይ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚጓዘው። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት።

ይሄ ነገር የገና ጨዋታ ላይ በደንብ ይታያል። ሩሯን ሽቅብ በሚመታ ምት ላይ አሥር በመቶ ፍጥነት ብትጨምሩ ከፍታዋ በ21 በመቶ ይጨምራል። ትንሽ ጠንከር ብሎ የመታ ሰው ሩሯን ከሁሉም ራስ በላይ አሻግሮ ሲልክ ጉልበቱ ከሌላው የትየለሌ በልጦ አይደለም። የተቀረውን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን እናልፈዋለን።

ከባድ ድንጋይ ከቀላሉ ያነሰ አይወጣም እንዴ?

በእኩል ፍጥነት ከተነሱ እኩል ይወጣሉ። ከባዱን ድንጋይ ስበት በርትቶ ይጎትተዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከባዱ ድንጋይ መጠነ ቁሱም ብዙ ስለሆነ ፍጥነቱን ለመቀየር የዚያኑ ያህል ያስቸግራል። አሥር እጥፍ መጎተት፣ አሥር እጥፍ ማስቸገር። ይጣፋሉ። ለዚህ ነው ቀመሩ ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር የሌለው።

«እኔ ግን ትልቁን ድንጋይ ስወረውረው ከራሴም አያልፍ» ካላችሁ ጥፋቱ የክንዳችሁ ነው። ክንድ ለአምስት ኪሎ ድንጋይ የእንቁላል ታህል ጠጠር የሚሰጠውን ፍጥነት ሊሰጥ አይችልም። ልዩነቱ የተፈጠረው ድንጋዩ እጃችሁ ላይ እያለ ነው። ከተለቀቀ በኋላ ስበት አያዳላም።

ታዲያ አውድማ ላይ ፍሬና ገለባ ለምን ይለያያሉ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ነው።

ጤፉ በበሬ ይበራያል። ሻካራው ገለባ በመንሽ ይነሳል። የቀረው ፍሬና እብቅ ተደባልቆ የተኛ ክምር ነው። ነፋስ ሲመጣ ገበሬው በላይዳ ዝቆ ሽቅብ ይበትነዋል። አሁን ያችን ቅጽበት ብቻ እንያት። ከላይዳው ሲነሱ ፍሬውም እብቁም ፍጥነታቸው አንድ ነው። ነገሩ በስበት ብቻ ቢሆን አብረው ወጥተው፣ አብረው ተመልሰው፣ እንደተደባለቁ ባረፉ ነበር። የዓመት ድካም እንደዚያው ይቀር ነበር።

የሚለያቸው አየር ነው። አየር አንድን ነገር የሚያግደው በስፋቱ፣ በቅርጹና በፍጥነቱ ልክ ነው። ክብደቱን አያይም። ክብደት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፦ ያው መታገድ ከባዱን እምብዛም አይነካውም፤ ቀላሉን ግን ቀጥ ያደርገዋል። እብቁ ስፋት እንጂ ክብደት የለውም። ስለዚህ ከላይዳው እንደወጣ ፍጥነቱን በአንዴ ይጨርስና ነፋሱ እንደፈለገ ይወስደዋል። ፍሬው ግን ድብልብልና ጠጣር ነው፤ ነፋሱን ሰንጥቆ ወጥቶ እዚያው አጠገብ ይወርዳል።

ጤፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ አለ። አንድ ነገር ሲያንስ ክብደቱ ከስፋቱ ቀድሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ደቃቅ ነገር ሁሉ ለአየር ይሸነፋል። የጤፍ ፍሬ ከፎቅ ላይ ብትጥሉት እንኳ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል፤ አየሩ ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ይዞለታል። ነፋሱ ከዚያ በላይ ሲበረታ ጤፉ ራሱ ከገለባው ጋር ይሄዳል። ለባቄላ የሚስማማ ነፋስ ለጤፍ አይስማማም። አዛውንቱ ገበሬ ላይዳውን ከማንሳቱ በፊት አንድ ጭብጥ አንስቶ በትኖ የሚያየው ይህንኑ ነው። መለኪያ መሣሪያ አይዝ እንጂ የሚሠራው የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ማረጋገጫ ለሚፈልግ፦ አየር በሌለበት ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እኩል ይወድቃሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። እኩል አረፉ። ጨረቃ ላይ ጤፍ ቢበቅል እንኳ በላይዳ ገለባውን መለየት አይቻልም ማለት ነው።

ጮቄ ላይ ብወረውር ከዓባይ በረሃ የበለጠ ይወጣል?

አዎ። ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም።

የጮቄ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከደጀን ወርዳችሁ የዓባይ ድልድይ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ልዩነት ለእግር ብዙ ነው። ለስበት ግን ኢምንት ነው። ስበት የሚቆጠረው ከመሬት እምብርት ሲሆን እሱ ደግሞ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሦስት ኪሎ ሜትር ብትርቁ ስበት የሚቀንሰው በአንድ ሺህ አንድ ገደማ ነው። 20 ሜትር የሚወጣ ድንጋይ ላይ ይህ ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ማንም ሊያየው አይችልም።

አየሩ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጮቄ ላይ አየሩ ከዓባይ በረሃ በሩብ ያህል ይሳሳል። በኳስ ወይም በላስቲክ ነገር ብትሞክሩት ልዩነቱ ይታያል። ለከባድ ድንጋይ ብዙም አይደለም። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚያም አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። ከጅቡቲ የመጣ እግር ኳስ ተጫዋች «ኳሷ አልቆም አለችኝ» ቢላችሁ አትሳቁበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። መሬት ወገቧ ላይ ትንሽ ሰፋ ያለች ናት፤ በዚያ ላይ ስትሽከረከር ወገቧ ላይ ያለውን ነገር ወደ ውጭ ትወረውረዋለች። ስለዚህ እኛ ጋ ስበት 9.78 ገደማ ነው። ለንደን 9.81፣ ዋልታዎቹ ላይ 9.83። የእኛ ጎረምሳ ያንኑ ድንጋይ በዚያው ፍጥነት ለንደን ላይ ቢወረውር 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይልበታል። ለፉክክር አይበቃም፤ ለጉራ ግን ይበቃል።

ከፍታውን ያለ መሣሪያ እንዴት ልለካ?

ሞባይላችሁ ላይ ያለው የሰዓት መቁጠሪያ ይበቃል። ድንጋዩ ከእጃችሁ ሲለቀቅ አስጀምሩ፤ ተመልሶ ወደ እጃችሁ ቁመት ሲደርስ አቁሙ። ያገኛችሁትን ሰከንድ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ1.2 አባዙት። ከእጃችሁ በላይ የወጣው ከፍታ ያ ነው። ሁለት ሰከንድ ከቆየ 5 ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰከንድ ከቆየ 11፣ አራት ሰከንድ ከቆየ ወደ 20 ሜትር።

ጣት ይዘገያል፤ እሱን አትርሱ። ሦስት ሰከንድ የቆየው ላይ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ብትሳሳቱ ከፍታው በ1.5 ሜትር ይዛነፋል። ደጋግማችሁ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በጨርቅ ኳስና በላስቲክ ኳስ ደግሞ ስሌቱ እምብዛም አይታመንም። አየር ስላለ ወደ ታች የሚመጡበት ጊዜ ከወጡበት ጊዜ ይረዝማል፤ ሲመለሱም በወጡበት ፍጥነት አይመለሱም።

አንድ ሰው ይወርውር፣ ሌላው ይቁጠር። ሁላችሁም አንጋጣችሁ ድንጋዩን ተከተሉት። «ሽቅብ ቢተፉ ተመልሶ ካፉ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

የወንጭፍ ድንጋይስ?

ወንጭፍ ክንድን ማስረዘሚያ ነው። በክቡ ሲሽከረከር ዳር ላይ ያለው ድንጋይ እጅ ከሚሄድበት ፍጥነት ብዙ ይበልጣል። ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ በእጁ በሰከንድ 20 ሜትር የማይደርስ ቢሆን በወንጭፍ 30 ሊያልፍ ይችላል። በ30 ሽቅብ ከለቀቀው፣ አየሩን ከተውነው፣ 46 ሜትር ያህል ይወጣል።

ግን ማንም ወፍ ጠባቂ ሽቅብ አይለቅም። የሚፈልገው ርቀት ነው። ሜዳ ላይ ከሁሉም ሩቅ የሚሄደው በ45 ዲግሪ፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ላይና በአግድም መካከል እኩል ላይ የተለቀቀው ነው። እዚህ ላይ የምታስደስት ነገር አለች። በ45 ዲግሪ የሄደበት ርቀት፣ ያው ድንጋይ በዚያው ፍጥነት ሽቅብ ቢላክ ከሚወጣው ከፍታ ልክ እጥፉ ነው። በ30 የተላከው 92 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የወንጭፋችሁን ከፍታ ለማወቅ ሰማይ ማየት አያስፈልግም። ከብት የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፣ አርቃችሁ ወንጭፉ፣ በእርምጃ ለኩ፣ ለሁለት አካፍሉ። አየሩ ትንሽ ይሰርቃችኋል፤ ይሁን።

ከጢስ ዓባይ ሥር ሆኖ ድንጋይ አናቱ ላይ ማድረስ ይቻላል?

ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ያን ለመውጣት የሚያስፈልገው ፍጥነት ከዚያ ወርዶ መሬት ሲነካ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር አንድ ነው፦ በሰከንድ 28 ሜትር፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል። ለእጅ ይከብዳል፤ ለወንጭፍ አይከብድም። (ታች ቱሪስት ስላለ አትሞክሩት።)

ውኃው ራሱ ግን በዚያ ፍጥነት አይደርስም፤ ቢያንስ ሁሉም አይደርስም። ወፍራሙ ጅረት ወደ ሦስት ሰከንድ በሚጠጋ ጊዜ ይወርዳል። እየተበተነ ሲመጣ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ጠብታ ደግሞ ለአየር ይሸነፋል፤ ትልቁ የዝናብ ጠብታ እንኳ በሰከንድ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። በጣም ደቃቁ ጭራሽ መውረዱን ትቶ ከአየሩ ጋር ሽቅብ ይነሳል። በክረምት ወራት ልብሳችሁን የሚያርሰው ጢስ ይሄ ነው። የአውድማው እብቅ ታሪክ በውኃ ሲደገም ማለት ነው።

በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ብርቱካን ሽቅብ ብወረውር ወደ ኋላ ይቀራል?

አይቀርም፤ እጃችሁ ላይ ይመለሳል። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በ80 እየሄዳችሁ ከሆነ ብርቱካኑም ከመነሻው በ80 እየሄደ ነው። ስበት የሚቆጣጠረው የላይ ታቹን ብቻ ነው፤ የፊት ኋላውን አይነካም። ሹፌሩ በመሃል ፍሬን ከያዘ ግን ብርቱካኑ ፊት ለተቀመጡት ሰውዬ ነው። ይቅርታ መጠየቁ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የት ይሄዳል?

ይመለሳል። ይሄን ጥያቄ በቀልድ የሚጠይቁ አሉ፤ እኔ ግን በቀልድ አልመልሰውም።

የክላሽ ጥይት ከአፈ ሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር አካባቢ ነው። ቀመራችን ውስጥ አስገቡት። 700 ጊዜ 700 ሲካፈል ለ19.6፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር! አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ እጥፍ ይበልጣል። እውነታው ግን እዚያ አጠገብም አይደርስም። ሽቅብ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት የሚወጣው ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የት ገባ ቀሪው? አየር በላው። አየር የሚያግደው ከፍጥነቱ ጋር ቀስ እያለ እየጨመረ አይደለም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እገዳው አራት እጥፍ ነው። ጥይቱ ከአፈ ሙዝ እንደወጣ አየሩ የሚይዝበት ኃይል ከጥይቱ ክብደት በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ ስበት ትንሹ ጠላት ነው። ቀመራችን ለድንጋይ ታማኝ ሆኖ ለጥይት የሚዋሸው ለዚህ ነው።

አየሩ መልካም ሥራም ሠርቷል። አየር ባይኖር ጥይቱ በወጣበት በ700 ይመለስ ነበር። አሁን ግን ሲወርድ በሰከንድ ከ70 እስከ 90 ሜትር አካባቢ ይዞ ይመጣል። «እንግዲያስ ምንም አይደለማ!» እንዳትሉ። 90 ማለት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቆዳ ለመብሳት በሰከንድ 60 ሜትር አካባቢ ይበቃል። አናት ላይ ካረፈ ይገድላል፤ የገደለበትም አገር ብዙ ነው። በዚያ ላይ በጭፈራ መሃል ልክ ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ የለም። ትንሽ ያዘመመው ጥይት በቅስት ይሄዳል፤ አፍንጫውን ወደፊት እንዳደረገ ስለሚወርድ ከዚህም የበለጠ ፍጥነት ይዞ ነው የሚያርፈው። የሚያርፈውም ሰርጉ ቤት ላይ ሳይሆን ሌላ ሰፈር ነው።

የጊዜውን ነገር አስቡት። ቀጥ ብሎ የወጣ ጥይት ለመመለስ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚደርሰው። ተኳሹ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጭፈራው ተመልሶ ደርቶ፣ ሁሉም ሰው ረስቶታል። ጥይቱ ገና በመንገድ ላይ ነው።

ጨረቃ ላይስ?

የጨረቃ ስበት 1.62 ነው፤ የእኛን ስድስት አንድ ያህል። ስለዚህ ከፍታው ስድስት እጥፍ ይሆናል። የእኛ ጎረምሳ 20 ሜትር ያወጣት ድንጋይ እዚያ 123 ሜትር ትደርሳለች። ማርስ ላይ 54 ሜትር። ጁፒተር ላይ 8 ሜትር፤ እርግጥ ጁፒተር ላይ የሚቆሙበት መሬት የለም።

ሳይመለስ እንዲቀር በምን ፍጥነት ልላከው?

በሰከንድ 11.2 ኪሎ ሜትር፤ አየሩን ከቁጥር ሳናስገባ። እስካሁን የተጠቀምንበት ቀመር ግን ይህን አያሳያችሁም። ቀመሩ ስበት በየከፍታው አንድ ነው ብሎ ስለሚያስብ የትኛውም ፍጥነት ሲሰጠው አንድ የሆነ ከፍታ ይነግራችኋል። ለመንደር ከፍታ ይሄ ችግር የለውም። ሩቅ ሲሄድ ግን ስበት እየሳሳ ይመጣል። በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር የተላከ ነገር በቀመሩ 1,276 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ የስበቱ መሳሳት ሲታሰብ ግን ወደ 1,600 ይጠጋል። 11.2 ላይ ሲደርስ መሳሳቱ ያሸንፋል፤ ፍጥነቱ ሁልጊዜ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም።

ሳተላይት ግን እንደዚህ አይደለም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተቀመጠችው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ስበት የለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አርሙት። መሬት ላይ ካለው ከ80 በመቶ በላይ እዚያም አለ። ሳተላይት የማትወድቀው ከፍ ስላለች ሳይሆን ወደ ጎን በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ስለምትከንፍ ነው። ስትወድቅ መሬት ከሥሯ ትጎብጥላታለች። ወደ ላይ ብቻ 600 ኪሎ ሜትር ልካችሁ የተዋችሁት ነገር እንደማንኛውም ድንጋይ ይመለሳል።

ለፈተና 9.8 ልጠቀም ወይስ 10?

ጥያቄው ላይ የተሰጠውን። ካልተሰጠ 9.8። ምርጫዎቹ 20 እና 20.4 ሆነው ጎን ለጎን ከተቀመጡ ግን አውጪው የትኛውን እንደፈለገ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ተመልከቱ፤ በ10 የተሠራ ፈተና ቁጥሮቹ ሁሉ ሙሉ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። ምልክቱንም አትርሱ። ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ ካላችሁ ስበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኔጋቲቭ ነው፤ ድንጋዩ ሲወርድ አይቀየርም።